ከሥሩ ያለው በረዶ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ ብቻዬን ነኝ። ስለ በረዶ ናዳ ላወራችሁ ነው።

ሲያትል ስመጣ በረዶ ለእኔ ያው ነጭ ነገር ነበር፤ ፎቶ የምንነሳበት። ባለፈው ክረምት ግን ስቲቨንስ ፓስ በሚባለው የተራራ መተላለፊያ አካባቢ ስለ ናዳ የሚያስተምር ኮርስ ወሰድኩ። አስተማሪያችን በረዶውን በአካፋ ጉድጓድ ቆፈረችና ግድግዳውን አሳየችን። በቃ የተነባበረ እንጀራ! ይሄ በከባድ ብርድ የወረደ፣ ይሄ ዝናብ ነክቶት የጠጠረ፣ ይሄ ነፋስ ያመጣው። ከመሃል አንዱን በጣቷ ነካ ስታደርገው እንደ ስኳር ፈሰሰ። ብርዱ ሲቆይ ከሥር ያለው በረዶ እንዲህ ይሆናል፤ ቅንጣቶቹ እርስ በርስ አይያያዙም።

ከዚያ ግድግዳው ላይ አንድ ዓምድ ቆርጣ ለየች። አካፋዋን አናቱ ላይ አድርጋ መታ መታ ማድረግ ጀመረች። ከእጅ አንጓዋ 10 ጊዜ፣ ምንም የለም። ቀጥላ ከክርኗ። በ12ኛው የላይኛው ክፍል እንደ መሳቢያ ተንሸራቶ ወጣ። ሁላችንም ዝም አልን። ቅድም ቆመን ስንሳሳቅበት የነበረው በረዶ ነው እኮ! እናቴ «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» ትለኝ ነበር። በረዶም ያው ውሃ ነው።

እዚያው ተራራ ላይ ዌሊንግተን የምትባል የባቡር ጣቢያ ነበረች። በፈረንጆቹ 1910፣ በፌብሩዋሪ መጨረሻ፣ ሁለት ባቡሮች በበረዶ ተዘግተው ለቀናት ቆሙ። ከበላያቸው ያለው ተዳፋት ደኑ በእሳት ተራቁቷል። ማርች 1 ሌሊት፣ ዝናብና መብረቅ ሲመጣ፣ ናዳው ባቡሮቹን ጠርጎ ወንዙ ገደል ውስጥ ከተታቸው። 96 ሰው አለቀ። ቀደም ብለው በእግራቸው የወረዱ ጥቂት ተሳፋሪዎች ነበሩ፤ እነሱ ተረፉ። እኔ የማስበው የቀሩትን ነው። ትናንት ምንም አልሆነም፣ ዛሬም አልሆነም፣ እያሉ ይሆናል የተኙት።

ብዙዎቻችን ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆች ይዘን ወደ ተራራው እንወጣለን። እባካችሁ፣ የሰሜን ምዕራብ ናዳ ማዕከልን ትንበያ እዩ። በክረምት በየቀኑ ይወጣል፤ አደጋውን ከ1 እስከ 5 ይመድባል። 3 ሲል «መሃል ነው፣ ችግር የለውም» አትበሉ። ሰው ረግጦት ብቻ ናዳ የመነሳቱ ዕድል ሰፊ ነው ማለት ነው። ደግሞ ናዳ በብዛት የሚነሳው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ባለው ቁልቁለት ላይ ነው። ለሸርተቴ የሚያምረንም እሱው ነው።

እኔ አሁን የመኪና ቁልፍ ሳላነሳ ትንበያውን አያለሁ። ባለፈው ቅዳሜ 4 ይል ነበር። ልጆቹ ጫማቸውን አድርገው በር ላይ ቆመዋል። አኮረፉኝ። ቤት ዋልን።