ሳይኮሎጂ ለምን ይስበናል?

ውድ ተማሪዎች፣ የተከበራችሁ መምህራንና ወላጆች፣ እንደምን አደራችሁ!

ብዙዎቻችሁ ዘንድሮ ጄኔራል ሳይኮሎጂን ትወስዳላችሁ። ኢንጂነሪንግ የምትገቡትም፣ አካውንቲንግ የምትገቡትም። ስለ ሌላው ኮርስ «ይሄ ምን ይሠራልናል?» የሚል ተማሪ እዚህ ላይ ሲደርስ ጆሮው ይቆማል። ሰርግ ቤት ተቀምጬ «ሳይኮሎጂ ነው የማስተምረው» ካልኩም አጠገቤ ያለው ሰው ጠጋ ይላል። «እስቲ እኔን ንገረኝ፣ ምን ዓይነት ሰው ነኝ?»

የብዙዎቻችን ፍቅር የሚጀምረው ከዚህ ጥያቄ ነው። ሰው ስለ ራሱ መስማት ይወዳል። ይህ ነውር የለውም። ግን እዚያው ላይ ከቆምን ለማንም አፈ ጮሌ ሲሳይ እንሆናለን።

አንድ የክፍል ሙከራ ልንገራችሁ። ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ እጠራለሁ። በ1948 በርትራም ፎረር የተባለ አሜሪካዊ መምህር ለ39 ተማሪዎቹ የባህርይ መጠይቅ አስሞላ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ለእያንዳንዳቸው «ውጤትህ ይኸውልህ» ብሎ ስም የተጻፈበት ወረቀት አደለ። ወረቀቱ እንዲህ ይላል፦ ሰዎች እንዲወዱህና እንዲያደንቁህ ትፈልጋለህ። ራስህን መውቀስ ታበዛለህ። ገና ያልተጠቀምክበት ብዙ አቅም አለህ። አንዳንዴ ተጫዋች ነህ፣ አንዳንዴ ደግሞ ዝምተኛ።

«ምን ያህል እናንተን ይገልጻል? ከ0 እስከ 5 ስጡት» አላቸው። አማካዩ 4.26 ሆነ። ከዚያ ነገሩ ተገለጠ። የሁሉም ወረቀት አንድ ነበር! ፎረር አብዛኛውን ዓረፍተ ነገር የለቀመው መንገድ ላይ ከሚሸጥ የኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ ነው።

እኛም አገር ይህን በደንብ እናውቀዋለን። «ኮከብህ አሰድ ነው። ለሰው ታዝናለህ፣ ውለታህን የሚመልስልህ ግን የለም።» እስቲ ይህ እኔን አይመለከተኝም የሚል እጁን ያውጣ! ዛሬ ደግሞ ይኸው ነገር ልብሱን ቀይሮ ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ መጥቷል። የደም ዓይነትሽ ይህን ይላል፣ የምትወጂው ቀለም ያንን ይላል፣ «ሳይኮሎጂ እንደሚለው…» ይባላል። የትኛው ጥናት? ማን ሠራው? በስንት ሰው ላይ? መልስ የለም። ይህ ያሳስበኛል። ምክንያቱም እውነተኛ ጭንቀት ይዞት እርዳታ የሚፈልግ ልጅም እዚያው ገጽ ላይ ነው መልስ የሚፈልገው።

እኔን በዚህ ትምህርት ያቆየኝ ሌላ ነው። እርግጠኛ የሆንኩበትን ነገር ከሥሩ ሲነቀንቅብኝ ነው የሚስበኝ።

ለምሳሌ ትዝታችንን እናምናለን። «በዓይኔ በብረቱ ያየሁትን!» እንላለን። በ1974 ኤልዛቤት ሎፍተስና ጆን ፓልመር የተባሉ የሳይኮሎጂ ተመራማሪዎች ለተማሪዎች የመኪና አደጋ ፊልም አሳዩ። 50ዎቹን «መኪኖቹ ሲጋጩ ፍጥነታቸው ስንት ነበር?» አሏቸው። ሌሎቹን 50 ደግሞ «ሲላተሙ» በሚል ጠንከር ባለ ቃል ጠየቁ። ከሳምንት በኋላ ሁሉንም መልሰው ጠሩና «የተሰበረ መስታወት አይታችኋል?» አሏቸው። ፊልሙ ውስጥ የተሰበረ መስታወት የሚባል ነገር የለም። ለዘብ ባለው ቃል ከተጠየቁት 7ቱ አይተናል አሉ። በጠንካራው ከተጠየቁት ግን 16ቱ! እነዚህ ልጆች አልዋሹም። አንዲት ቃል ትዝታቸው ውስጥ ገብታ መስታወት ሰበረች።

ይህ የላቦራቶሪ ጨዋታ ብቻ ከመሰላችሁ የሮናልድ ኮተንን ታሪክ ስሙ። በ1984 በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና ጄኒፈር ቶምፕሰን የተባለች የ22 ዓመት ተማሪ ቤቷ ውስጥ ተደፈረች። ጎበዝ ልጅ ነበረች። በዚያ ሰቆቃ መሃል እንኳ በኋላ ለይታ ልታሲዘው የሰውየውን ፊት ልብ ብላ ታየው ነበር። ፖሊስ ከደረደረላት ፎቶ ኮተንን መረጠች። በአካል ከተሰለፉት ሰዎች መካከልም እሱኑ መረጠች። ከፎቶውም የመረጥሽው እሱን ነው ሲሏት እርግጠኝነቷ ድንጋይ ሆነ። ኮተን ተፈረደበት።

ጉዳዩ በ1987 እንደገና ሲታይ እውነተኛው ጥፋተኛ ችሎት ውስጥ አጠገቧ ቀረበ። ይህን ሰው አይቼው አላውቅም አለች። በአእምሮዋ ውስጥ የዚያ ሌሊት ፊት የኮተን ፊት ሆኖ ነበር። በ1995 የዲኤንኤ ምርመራ ንጽሕናውን ሲያረጋግጥ ኮተን ከ10 ዓመት በላይ ታስሯል።

ሴትዮዋ ሐሰተኛ ምስክር አይደለችም። ፖሊሱም ሊረዳት እንጂ ሊያሳስታት አልፈለገም። እኔን የሚያስደነግጠኝ ይህ ነው። ከከሳሽም ከመርማሪም ወገን ክፉ ሰው ሳይኖር ንጹሕ ሰው ወጣትነቱን እስር ቤት ጨረሰ።

ኮተንና ቶምፕሰን በኋላ ወዳጆች ሆኑ፤ አብረው እየዞሩም ስለ ደረሰባቸው መናገር ጀመሩ። ሰሜን ካሮላይናም በ2007 ሕግ አወጣች። የተጠርጣሪዎችን ሰልፍ ለምስክር የሚያሳየው ባለሙያ ተጠርጣሪው የትኛው እንደሆነ የማያውቅ ይሁን ተባለ። ምስክሩም «ጥፋተኛው እዚህ ላይኖር ይችላል» ተብሎ አስቀድሞ ይነገረዋል። ሁለቱም ሐሳቦች የመጡት ከሳይኮሎጂ ጥናት ነው።

የትዝታ ምዕራፍ ላይ ስትደርሱ አንድ ጥያቄ ይዛችሁ ግቡ። ሕግ የምታጠኑ ደግሞ ከእኛ ክፍል ወደ እናንተ ክፍል ይዛችሁት ሂዱ። በሰው ምስክር ብዙ በሚፈረድበት አገራችን፣ ምስክር ተጠርጣሪን እንዲለይ ሲጠየቅ በምን ዓይነት ቃል ነው የሚጠየቀው? የሚጠይቀውስ ማን ነው?

አመሰግናለሁ።