ስም የመሰለኝ ተራ

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ እንግዳ የለም፤ እኔና ማይክሮፎኑ ብቻ ነን። የማወራችሁ ስለ አንድ ሌሊት ነው፤ ለዓመታት በስማቸው የጠራኋቸው ሁለት ዲስኮች ስም እንዳልነበራቸው ስላወቅሁበት ሌሊት።

ኮምፒውተሬ የሚሠራው በሊኑክስ ነው። ስርዓተ ክወናው ያለበት ዲስክ ማዘርቦርዱ ላይ ተሰክቷል፤ ሰነዶቼና ፎቶግራፎቼ ያሉበት ባለ 2 ቴራባይት ዲስክ ደግሞ በኋላ በጨመርኩት ካርድ ላይ። የመጀመሪያው ኤስዲኤ፣ ሁለተኛው ኤስዲቢ ይባሉ ነበር። እኔም ኤፍኤስታብ በሚባለው ፋይል ውስጥ፣ ኮምፒውተሩ ሲነሳ የትኛውን ዲስክ የት እንደሚያገናኝ በሚነገርበት ቦታ ማለት ነው፣ «ኤስዲቢ1 የሰነዶቼ ክፍል ነው» ብዬ በእጄ ጻፍኩና ረሳሁት። ኤስዲቢ1 ማለት የኤስዲቢ ዲስክ የመጀመሪያ ክፍል ነው።

የስርዓተ ክወናው ማሻሻያ አንድም የስህተት መልእክት ሳያሳይ አለቀ። ኮምፒውተሩን እንደገና ሳስነሳው ግን የለመድኩት መግቢያ ቀርቶ ጥቁር ገጽ ላይ ነጭ ጽሑፍ መጣ። የአደጋ ጊዜ ሁኔታ ላይ ነህ፣ የአስተዳዳሪውን የይለፍ ቃል አስገባ ይላል። አስገባሁ። ምክንያቱን ስፈልግ ያገኘሁት መስመር ኤስዲቢ1ን ማገናኘት አለመቻሉን ይናገራል፤ የፋይል ሥርዓቱ፣ ማለትም ፋይሎች በዲስኩ ላይ የሚደራጁበት መንገድ፣ ዓይነቱ የተሳሳተ ነው፣ ወይም ሱፐርብሎኩ ተበላሽቷል።

«ወይም» የምትለውን ቃል ዓይኔ ዘለላት። የታየኝ «ተበላሽቷል» ብቻ ነው። ሱፐርብሎክ የፋይል ሥርዓቱ ስለ ራሱ የሚያውቀው ነገር የሰፈረበት ቦታ ነው፤ እሱ ተበላሸ ማለት ለእኔ የዓመታት ፎቶግራፎች ሄዱ ማለት ነበር። ወዲያው የፋይል ሥርዓት መመርመሪያውን አስነሳሁ። እሱም ሱፐርብሎኩን ማንበብ አልቻልኩም፣ በ8193 ላይ ያለውን ቅጂ ሞክር አለኝ። ትዕዛዙን ጻፍኩ። ጣቴ ማስገቢያው ቁልፍ ላይ አርፏል።

ምን እንዳቆመኝ እስከ ዛሬ በትክክል መናገር አልችልም። ብቻ ትዕዛዙን አጥፍቼ የዲስኮቹን ዝርዝር አወጣሁ። ኤስዲቢ1፣ 512 ሜጋባይት ይላል። ሁለት ቴራባይት የነበረው ክፍል! ዲስክ ሊሞት ይችላል፤ በአንድ ሌሊት አራት ሺህ ጊዜ ያህል ሊያንስ ግን አይችልም። ዝርዝሩን ወደ ላይ ስመለከት ያ የእኔ ዲስክ፣ ሁለት ቴራባይቱን እንደያዘ፣ ኤስዲኤ ተብሎ ተቀምጧል። ኤስዲቢ1 የተባለው ኮምፒውተሩ ለመነሳት የሚጠቀምባት ትንሿ ክፍል ናት፤ የፋይል ሥርዓቷም ፋት የሚባል ሌላ ዓይነት ነው። የሚያሳፍረው ደግሞ መመርመሪያው በመልእክቱ የመጨረሻ መስመር ላይ ይህንኑ ነግሮኝ ነበር፤ እስከዚያ ድረስ አላነበብኩም። ያን ትዕዛዝ ባስገባው ኖሮ ሳይሳካ ቀርቶ ይመለስ ነበር። የሚያስፈራኝ ቀጥሎ እሞክረው የነበረው ነው።

የሆነው ቀላል ነው። ከርነሉ፣ የስርዓተ ክወናው እምብርት ማለት ነው፣ ፊደሎቹን የሚያድለው ዲስኮቹ በተገኙበት ቅደም ተከተል ነው፤ ቀድሞ የተገኘ ኤስዲኤ፣ ተከታዩ ኤስዲቢ። ከማሻሻያው በኋላ ካርዱን የሚያሠራው ፕሮግራም፣ ድራይቨሩ፣ ከማዘርቦርዱ ቀድሞ ተነሳ፤ በቃ። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባል የለ? እዚህ ግን ስም ያልኩት ነገር የወረፋ ተራ ነበር። ተራውን እንደ ስም ጽፌ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በ2007 የወጣው ፌዶራ 7 የተባለው የሊኑክስ ዓይነት በአሮጌው የአይዲኢ ኬብል የሚገናኙትን ዲስኮች ከኤችዲኤ ወደ ኤስዲኤ ሲያዞራቸው ስማቸው ብቻ አልነበረም የተለወጠው፤ በኤችዲ ስም እስከ 63 ክፍል መያዝ የሚችል ዲስክ በኤስዲ ስም 15 ላይ እንዲቆም ተገደደ። ፍሪቢኤስዲ የተባለው ሌላ ስርዓተ ክወናም በ2012 በወጣው 9.0 ላይ ኤዲ የነበረውን ኤዲኤ ሲያደርገው ቁጥሩ ጭምር ተለወጠ። ግን አሮጌው ስም ወደ አዲሱ እንዲመራ አድርገው ነበር፤ ይህን ጨዋነት እወድላቸዋለሁ።

መፍትሔውም የታወቀ ነው፤ በፋይል ሥርዓቱ ውስጥ በተጻፈው ዩዩአይዲ መጥራት። 36 ምልክት ርዝመት ያለው መለያ ነው፤ ዲስኩን የትም ብትሰኩት አይለወጥም። ዲስኩን እንዳለ ወደ ሌላ ከገለበጣችሁት ግን መለያውም አብሮ ይገለበጣልና ሁለቱን አንድ ላይ አትሰኩ። እኔ እውነቱን ለመናገር አልወደውም። በስልክ ለሰው ማንበብ አይቻልም፤ ሁለት መለያዎችን ጎን ለጎን ብታዩአቸው የትኛው የትኛው እንደሆነ አይለይም። ስለዚህ ለሰነዶቹ ዲስክ የራሱን መጠሪያ ሰጠሁት። የዲስኩ የፋይል ሥርዓት፣ ኤክስት4፣ ለመጠሪያ የሚፈቅደው 16 ባይት ነው፤ አንድ የእኛ ፊደል ደግሞ 3 ባይት ይወስዳል፤ ስለዚህ ከአምስት ፊደል በላይ የለኝም። «ፎቶግራፎች» አይበቃውም። «መዝገብ» አልኩት፤ አራት ፊደል፣ ቦታም ተረፈው።

ኮምፒውተሩ ተነሳ። እኔ ግን አልተኛሁም። ኤስዲቢ የሚለውን ያንን አንድ መስመር የጻፍኩ ሰው ሌላም ቦታ ጽፌ ይሆናል ብዬ አሮጌ ስክሪፕቶቼን፣ ትዕዛዞች ጽፌ ያስቀመጥኩባቸውን ፋይሎች፣ ሁሉ ማገላበጥ ጀመርኩ። ሦስት አገኘሁ። ሁለቱ የዲስኩን ሙቀት ብቻ የሚያነቡ ናቸው። ሦስተኛው እሑድ ሌሊት ራሱ የሚነሳ የመጠባበቂያ ስክሪፕት ነው፤ የመጀመሪያ ሥራው ኤስዲሲ የተባለውን ውጫዊ ዲስክ ሙሉ በሙሉ ማጥፋት ነው፤ ምንም አይጠይቅም። ከመስመሩ አጠገብ የራሴ ማስታወሻ አለ፤ «ሁልጊዜ ኤስዲሲ ነው» ይላል።

ቀኑ ዓርብ ነበር። ስክሪፕቱን ከሰዓቱ ላይ አነሳሁትና ውጫዊውን ዲስክ ከኬብሉ ነቅዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።