ድንኳኑ ያልወጣበት ለቅሶ

የተከበራችሁ የእድራችን አባላት፣ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ጎረቤቶቼ፣ እንደምን ዋላችሁ።

ዛሬ ሰኔ 13 የዓለም የስደተኞች ቀን ነው። እኔ ግን የተነሳሁት ስለ ዓለም ላወራ አይደለም። ደንባችን ውስጥ ስላለች አንዲት መስመር ነው።

ኅዳር ላይ እኛ ብሎክ የምትኖር ኤርትራዊት ጎረቤታችን እናቷ አስመራ አረፉ። መርዶው በስልክ መጣ። ሄዳ መቅበር አትችልም። እዚሁ ጀሞ ለቅሶ ልትቀመጥ ፈለገችና ድንኳንና ወንበር ልትጠይቅ እኔ ጋ መጣች። ጸሐፊው እኔ ነኛ። መዝገቡን ገለጥኩ። «እህቴ፣ አባል አይደለሽም» አልኳት። አባል ለመሆን የወረዳ መታወቂያ ያስፈልጋል። እሷ የያዘችው የስደተኛ ወረቀት ነው።

ቤቷ ስቱዲዮ ነው። ለቀስተኛው ደረጃው ላይ ተደርድሮ ተቀመጠ። ንፍሮው በአንድ ሳህን ከደረጃ ደረጃ ይዞራል። ሦስት ቀን በዚያ ደረጃ ወጣሁ ወረድኩ። ለእግሬ መሄጃ ሳጣ ለቀስተኞቹ ጉልበታቸውን ሰብሰብ እያደረጉ ያሳልፉኝ ነበር። የእድሩ ድንኳን እስቶር ውስጥ ተጠቅልሎ ነበር፤ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ።

የስደተኞች ችግር ድንኳን ብቻ ነው ማለቴ አይደለም። ደላላው ዘዬያቸውን ሲሰማ ኪራዩን ይጨምራል። «ዶላር ይላክላቸዋል» እንላለን፤ የማይላክለት ስንት አለ። ሚያዝያ 2015 ሱዳን ጦርነት ሲነሳ በመተማ የገባች አንዲት ሴት አውቃለሁ። ካርቱም መድኃኒት ቤት ነበራት፤ ዛሬ ሰው ቤት ልብስ ታጥባለች። አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ስደተኛ ሥራ እንዲሠራ፣ የባንክ ሒሳብ እንዲከፍት፣ ልጁም አንደኛ ደረጃ እንደ እኛ ልጆች እንዲማር ይፈቅዳል። ጥሩ አዋጅ ነው። ደላላው ግን አላነበበውም። እውነት ለመናገር እኔም በቅርቡ ነው ያነበብኩት።

አጎቴ በ1977ቱ ድርቅ ሱዳን ተሰዶ ነበር፤ ገዳሪፍ በኩል፣ ኡም ራኩባ የሚባል ካምፕ። እስኪሞት ድረስ ስለ እርዳታው ስንዴ ሲያወራ አልሰማሁትም። የሚያወራው ልጁ የሞተበት ቀን ከፈን ይዛ ስለመጣች አንዲት ሱዳናዊት ነው። ስሟን እንኳ አያውቀውም። «ነጭ ነበር፤ አዲስ ነበር» ይላል።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይሄ ነው። ደንቡ ላይ «የወረዳ መታወቂያ ያለው» የሚለው «በሰፈሩ የሚኖር» ይባል። የስደተኛ መታወቂያም ይመዝገብ። መመዝገቢያውም ወርሃዊ መዋጮውም ያው እንደ እኛው። በነፃ አስገቡን ያለ የለም።

አቶ ሊቀመንበር ቅድም «ነገ ካናዳ ቢሄዱስ?» ብለዋል። ይሄዱ ይሆናል። ከእኛስ ልጆች ስንቱ ሄዶ የለ? መዋጮውን ግን አሁንም እናቱ ትከፍልለታለች፤ ስሙን ከመዝገብ አልሰረዝንም።

ያቺን ጎረቤታችንን ዛሬ እንድትመጣ ጠይቄያት ነበር። «ሳትቀበሉኝ ምን ብዬ እቀመጣለሁ?» አለችኝ። ልክ ናት። ማሻሻያውን የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ፤ እኔ እቆጥራለሁ።