ያልደረሰ ሲግናል አይጎላም

ጤና ይስጥልኝ፣ የዚህ ፖድካስት አድማጮች። ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንቴና ማጉያ ነው፤ በገበያው ቡስተር ስለምንለው ትንሽ ሳጥን። እኔ በምሥራቅ ጎጃም ከቤት ቤት እየዞርኩ አንቴና የምተክል ሰው ነኝ። ይህ ሳጥን ብዙ ቤተሰብ ገንዘብ አውጥቶበት ጠብ ያላለለት ዕቃ ሆኖ ሳየው ያንገበግበኛል። ዕቃው ክፉ ሆኖ አይደለም። የሚሰቀልበት ቦታና የሚጠበቅበት ሥራ ስለማይገናኙ ነው።

ጎጃምን የሚያውቅ ሰው መሬቱን ያውቃል። ደጀን አፋፉ ላይ ቆሞ ወደ ዓባይ የተመለከተ ሰው መሬቱ በአንድ ጊዜ ሲቆረጥ አይቷል። ወደ ላይ ደግሞ ጮቄ አለ፤ ከባሕር ጠለል በላይ ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ከፍ ያለ ተራራ ነው። ከእርሱ የሚፈልቁት ወንዞች አገሩን በየአቅጣጫው ሸንሽነውታል። ለገበሬው ይህ ሁሉ በረከት ነው፤ ለኤፍ ኤም ሬዲዮና ለቴሌቪዥን ሞገድ ግን እንቅፋት ነው። የኤፍ ኤም ሥርጭት ከ87.5 እስከ 108 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል የሚተላለፍ ሲሆን የአንዱ ሞገድ ርዝመት ሦስት ሜትር ገደማ ነው። እንዲህ ያለው ሞገድ የሚጓዘው በአብዛኛው ቀጥ ብሎ ነው። የተራራ አናት ሲያገኝ በጥቂቱ ወደ ታች ይጎብጣል፤ ከገደሉ ሥር ላለው ቤት የሚደርሰው ግን ፍርፋሪው ነው። የቴሌቪዥን ሞገድ ደግሞ ከዚህ ስለሚያጥር የተራራው ጥላ የበለጠ ይጸናበታል። በአንድ ቀበሌ ውስጥ አፋፉ ላይ ያለው ጎረቤት ዜናውን ጥርት አድርጎ ሲሰማ፣ ታች ያለው የሚሰማው ሹሹታ ብቻ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ከአፋፉ ወረድ ብሎ ካለ መንደር አንዲት እናት አስጠሩኝ። ከተማ የሚሠራው ልጃቸው ቡስተር ገዝቶ ልኮላቸዋል። ቤት የመጣው ዘመድ ከሬዲዮው ጎን፣ ከመደቡ በላይ ሰክቶላቸው ሄዷል።

«ልጄ፣ ይኸ ነገር ከመጣ ወዲህ ጩኸቱ ባሰበት እንጂ ሰው ሲናገር አልሰማሁም» አሉኝ።

«እማማ፣ እውነትዎን ነው፤ ጩኸቱንም አብሮ እያጎላው ነው» አልኳቸው።

እኒህ እናት በቴክኒክ ትምህርት ቤት የሚሰጠውን ትልቁን ትምህርት በጆሯቸው አግኝተውታል። ማጉያ ይህ ዜና ነው፣ ይህ ሹሹታ ነው ብሎ አይለይም። የደረሰውን ሁሉ ያጎላል፤ በዚያ ላይ ከራሱ ውስጥ የሚወጣ ጥቂት ሹሹታ ይጨምርበታል። ከማዶ የሚጣራ ሰው ሲኖር እንዴት እንደምናደርግ አስቡ። አፋፍ ላይ የቆመው ቃሉን በደንብ ሰምቶ ወደ ታች ከተጣራ መልእክቱ ሳይበላሽ ይደርሳል። ነፋስ የበላውን ድምፅ ታች ሆኖ የሰማ ሰው ግን ጉሮሮው እስኪነቃ ቢጮኽ የሚያስተላልፈው ያንኑ የተበላውን ነው።

ሃራልድ ፍሪስ የተባለ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1944 ይህንን በስሌት አስቀምጦታል። ማጉያዎችና ገመዶች ተራ በተራ ሲቀጣጠሉ የመላው መስመር ጥራት በአብዛኛው የሚወሰነው በመጀመሪያው ላይ ነው። መጀመሪያ የቆመው ጥሩ ማጉያ ከሆነና በቂ ካጎላ፣ ከኋላው የሚመጣው የገመድ ብክነት ብዙም አይጎዳም። መጀመሪያ ላይ ያለው ረጅም ገመድ ከሆነ ግን ሲግናሉ ተዳክሞ ወደ ሹሹታው ተጠግቶ ይመጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚሰቀል ማጉያ ሊለያያቸው አይችልም። ስለዚህ የማጉያ ቦታው ምሰሶው ላይ፣ ከአንቴናው ሥር ነው። ቤት ውስጥ ሬዲዮው ጎን የሚሰካው ብዙ ጊዜ ጥቅሙ አንዱን ሲግናል ለብዙ ክፍል ሲያካፍሉ ነው።

ለእኒያ እናት ያደረግነው ይህንኑ ነው። አንቴናውን ከጣሪያው አውርደን ከቤቱ በላይ ካለው ጉብታ ላይ በባሕር ዛፍ ምሰሶ ተከልነው። ከጉብታው እስከ ቤቱ ያለው ርቀት 60 ሜትር ያህል ነበር። አርጂ 6 በሚባለው 75 ኦም የአንቴና ገመድ ይህን ያህል ርቀት ሲጓዝ የኤፍ ኤም ሲግናል ከግማሽ በላይ ኃይሉን ያጣል። በዩኤችኤፍ፣ ማለትም ከኤፍ ኤም በጣም ከፍ ባለ ፍሪኩዌንሲ፣ የሚመጣ ቴሌቪዥን ቢሆን ደግሞ ከአሥር እጅ አንዱ ያህል ነበር የሚተርፈው። ማጉያው እዚህ ላይ ነው ሥራ ያገኘው፤ ከአንቴናው ሥር ተሰቅሎ ገመዱ የሚበላውን አስቀድሞ ተካ። ሬዲዮው የአንቴና መሰኪያ ስላልነበረው የገመዱን የውስጥ ሽቦ ከሬዲዮው ዘንግ ጋር፣ የውጭውን የሽቦ መረብ ደግሞ ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር አያያዝነው። እማማ ተናጋሪውን በድምፁ አወቁት። የሞት ማስታወቂያ፣ የእህል ዋጋ፣ የአየር ሁኔታ፣ የልጆች ትምህርት፣ ይህ ሁሉ በዚያች ሬዲዮ በኩል ይገባል። ሰው ከዚህ መጉደል የለበትም ብዬ ስለማምን ነው ይህን ሥራ የምወደው።

አንቴናው ራሱ ውድ መሆን የለበትም። ለኤፍ ኤም ሬዲዮ ሁለት እኩል ዘንጎች በቂ ናቸው። 143ን ለምትፈልጉት ጣቢያ ሜጋኸርዝ አካፍሉት፤ የሚወጣው ቁጥር የሁለቱ ዘንጎች ጠቅላላ ርዝመት በሜትር ነው። በ97 ሜጋኸርዝ ላይ ላለ ጣቢያ አንድ ሜትር ከ47 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ሩቅ ላለ ጣቢያ ደግሞ ብዙ ዘንግ ያለው፣ ጃፓኖቹ ያጊና ኡዳ እ.ኤ.አ. በ1926 ያስተዋወቁት ዓይነት አንቴና ይሻላል። አጭር ዘንጎቹ ያሉበት ጫፍ ወደ ማሠራጫው መዞር አለበት። በሸለቆ ውስጥ ግን ሁልጊዜ እንዲህ አይደለም። አንዳንድ ጊዜ ማሠራጫው ካለበት አቅጣጫ ይልቅ ፊት ለፊት ካለው ገደል ተነጥሮ የሚመጣው ሲግናል ይበልጣል። ስለዚህ ምሰሶው ከመጥበቁ በፊት አንቴናውን ቀስ ብሎ ሙሉ ዙር ማዞርና ማዳመጥ ግድ ነው። ይህን ሳያደርግ ብሎን የሚያጠብቅ ሠራተኛ ሥራውን አክብሯል አልልም።

አሁን ደግሞ ተሰቅሎ አልሠራ ስላለው ማጉያ። የማደርገውን የመጀመሪያ ነገር ልንገራችሁ፤ ማጉያውን ፈትቼ አንቴናውን በቀጥታ አገናኛለሁ። ያለ ማጉያ የተሻለ ከሆነ ችግሩ የሲግናል ማነስ አይደለም፤ ወይ ማጉያው ተበላሽቷል፣ ወይ ከአቅሙ በላይ ጠንካራ ሲግናል ገብቶበታል። ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ፣ ለማሠራጫ ቅርብ በሆነ ቤት ይህ የተለመደ ነው። አንዱ ጣቢያ ማጉያውን ያጨናንቀውና በየቦታው የራሱን ድምፅ ይዘራል፤ የቴሌቪዥኑንም ምስል ያበላሻል። ብዙ ማጉያዎች ላይ ኤፍ ኤምን የሚያግድ ትንሽ ማብሪያና ማጥፊያ አለ። ቴሌቪዥን ብቻ የሚፈልግ ያግደው። ሬዲዮ የሚፈልግ ግን መጀመሪያ እርሱን ይመልከት፤ ሬዲዮ ለመስማት ተገዝቶ ራሱ ሬዲዮውን የሚያግድ ማጉያ ብዙ አይቻለሁ።

ምንም ለውጥ ከሌለ ወደ ኤሌክትሪኩ እሄዳለሁ። ምሰሶ ላይ የሚሰቀል ማጉያ ኃይሉን የሚያገኘው ሲግናሉ በሚወርድበት በዚያው ገመድ ነው፤ ቤት ውስጥ ያለው አዳፕተር ብዙውን ጊዜ 12 ቮልት ወደ ላይ ይልካል። መልቲሜትር ይዞ ምሰሶው ላይ መለካት ነው። ታች ኖሮ ላይ ከሌለ ገመዱ ተቋርጧል፣ ወይም መካከል ላይ የገባው ማከፋፈያ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። አዳፕተሩ ላይ ያለችው መብራት ገመዱን ሲያገናኙ የምትደክም ወይም የምትጠፋ ከሆነ መያያዣውን ፍቱት። ከውጭው መረብ አንዲት ቀጭን ሽቦ አምልጣ መሐል ያለውን ሽቦ ነክታ ታገኛላችሁ። ይቺ ሽቦ በእኔ ሥራ ላይ ከምታጋጥመኝ ብልሽት ሁሉ የበዛችው ናት። በፒንሳና በጥሩ ብርሃን የሚፈታ ነገር ነው።

ስለ መብራት መጥፋትም መታወቅ አለበት። ኃይል ያጣ ማጉያ ዝም ብሎ አያሳልፍም፤ ሲግናሉን ከነጭራሹ ሊዘጋው ይችላል። ሬዲዮው በባትሪ እየሠራ መብራት በሄደ ቁጥር ጣቢያው የሚጠፋበት ቤት ምክንያቱ ይኸው ነው። ማጉያው 12 ቮልት የሚል ከሆነ ከሶላር ባትሪ ማሠራት ይቻላል። ከሶላር ፓነሉ በቀጥታ ግን አታገናኙት፤ ጭነት የሌለበት 12 ቮልት የተባለ ፓነል በፀሐይ ጊዜ ከ20 ቮልት በላይ ሊደርስ ይችላል።

አንዳንዴም ጥፋቱ አንቴናው ጋር ጭራሽ አይደለም። ርካሽ የስልክ ቻርጀር፣ አንዳንድ የኤል ኢ ዲ አምፖል፣ የሶላር መቆጣጠሪያ፣ እነዚህ ሁሉ የሬዲዮ ሹሹታ ይረጫሉ። ሬዲዮውን በባትሪ አድርጉት፣ የቤቱን ኤሌክትሪክ ሁሉ አጥፉ፣ ከዚያ አንድ በአንድ መልሱ። ሹሹታው የተመለሰበት ዕቃ ጥፋተኛው ነው።

ስለ ዋጋ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ካርቶኑ ላይ ትልቅ የዲሲቤል፣ ማለትም የማጉላት መለኪያ፣ ቁጥር ተጽፎ የሚሸጥ ማጉያ አለ፤ ሰውም «ትልቁን ስጠኝ» ይላል። 20 ዲሲቤል ማለት ኃይሉን መቶ እጥፍ ማድረግ ነው፤ ለአንድ ቤት ይህ ከበቂ በላይ ነው። መታየት ያለበት ሌላ ቁጥር ነው፤ ማጉያው ከራሱ የሚጨምረው ሹሹታ። እርሱ ከሁለትና ከሦስት ዲሲቤል ባይበልጥ ይመረጣል፤ ብዙ ካርቶን ላይ ግን አይጻፍም። ልጅ ከደመወዙ ቆርጦ ለእናቱ የሚገዛውን ዕቃ ሻጩ እያወቀ ትልቁን ቁጥር እያሳየ ቢሸጥለት፣ ይህ ንግድ አይደለም፤ ማታለል ነው።

ክረምት ሲቃረብ ደግሞ ሁለት ጠላቶች ይመጣሉ። አንደኛው ውሃ ነው። ገመዱ ወደ ማጉያው ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ጎበጥ ብሎ መውጣት አለበት፤ ዝናቡ ከዚያ ጎባጣ ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ወደ ውስጥ አይገባም። መያያዣውን ከታች ወደ ላይ በደንብ በናስትሮ መጠቅለል ያስፈልጋል። ውሃ የጠጣ ገመድ ደርቆም አይመለስም፤ መዳቡ አረንጓዴ ካወጣ ቆርጦ መጣል ነው። ሁለተኛው መብረቅ ነው። በጎጃም ደጋ የመብረቁን ነገር ማንም አይነግረንም፤ ከብትም ሰውም ወስዶብናል። ጉብታ ላይ የተተከለ የብረት ምሰሶ በወፍራም የመዳብ ሽቦ መሬት ውስጥ ከተቀበረ ዘንግ ጋር ይያያዝ። ምሰሶው በእንጨት ቢሆንም አንቴናው ራሱ ብረት ነው፤ እርሱም ይያያዝ። ይህ ግን የቅርብ ምት አያስቆምም። ደመናው ሲጠቁር ገመዱን ከሬዲዮው ነቅላችሁ ራቅ አድርጉት፤ ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላ ምሰሶውንም ገመዱንም አትንኩ። ምሰሶ ስትተክሉም ቢወድቅ የመብራት መስመር የማይነካበት ቦታ ምረጡ። በዚህ ላይ ድርድር የለም።

አንድ አድማጭ መካከለኛና አጭር ሞገድ ለሚሰማ አባቱ ቡስተር ልግዛለት ወይ ብሎ ጠይቆኛል። የቴሌቪዥን ቡስተር ለዚያ አይሆንም፤ የተሠራው በጣም ከፍ ላለ ፍሪኩዌንሲ ነው። ለአጭር ሞገድ አሥር ሜትር ያህል የተለበጠ ሽቦ ከቤቱ አርቃችሁ በሁለት ዛፎች መካከል ዘርጉና ጫፉን ከሬዲዮው ዘንግ ጋር አያይዙት፤ ለመብረቁ የተባለው ሁሉ ለዚህም ይሠራል። መካከለኛ ሞገድ የሚያዘው ግን በሬዲዮው ውስጥ ባለ ዘንግ ነው፤ ለእርሱ ሬዲዮውን ራሱን ወደ ጎን ማዞርና ከኤሌክትሪክ ዕቃ ማራቅ ይበቃል። ወንድሜ፣ ለአባትህ የቡስተሩን ገንዘብ ባትሪ ግዛበት።