ማዕረጋቸው ከስማቸው ይቅደም

ክቡራን ዘማች አባቶቻችንና እናቶቻችን፣ የምሽቱ ድምፃውያን፣ የተከበራችሁ እንግዶች፤

አዘጋጅ ኮሚቴው ለመክፈቻ ንግግር አምስት ደቂቃ ሰጥቶኛል። አብዛኛውን ለአንድ ቅሬታ ስለማውለው አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ይህን ዝግጅት ስናስብ አንዳንድ ወዳጆቻችን «ለዘማች ሽለላና ፉከራ እንጂ ጃዝ ምን ይሆነዋል?» ብለውን ነበር። ጥያቄው የቅንነት ነው፤ ነገር ግን አንድ ነገር ተረስቷል። በአገራችን ዘመናዊው ዘፈን በትረምፔትና በሳክስፎን ታጅቦ ያደገው በአብዛኛው ዩኒፎርም በለበሱ ሰዎች እጅ ነው። ጥላሁን ገሠሠ፣ ብዙነሽ በቀለና ማሕሙድ አሕመድ የዘፈኑት ከንጉሠ ነገሥቱ የክብር ዘበኛ ጦር ኦርኬስትራ ጋር ነበር፤ ዓለማየሁ እሸቴና ሂሩት በቀለም የፖሊስ ኦርኬስትራ ልጆች ናቸው። ሙላቱ አስታጥቄ የትዝታንና የአንቺሆዬን ቅኝት ከጃዝ ጋር ሲያዋህድም፣ ጆሯችን ከእነዚህ ኦርኬስትራዎች የትንፋሽ መሣሪያዎች ጋር አስቀድሞ ተላምዶ ነበር።

ያው ክብር ዘበኛ ነው በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. የመጀመሪያውን የቃኘው ሻለቃ ወደ ኮሪያ ጦርነት የሸኘው። ተራ በተራ ከዘመቱት ከ6,000 በላይ ወታደሮች ከ120 በላይ ወደቁ፤ በጠላት እጅ የተማረከ ግን አንድም አልነበረም። ጠመንጃ ያዡም ትረምፔት ነፊውም የአንድ ቤት ልጆች ነበሩ።

አባቴ በአንድ የጦር ክፍል ባንድ ውስጥ ትረምፔት ነፊ ነበሩ። ንጋት ላይ ስም ጥሪ፣ ከዚያ ሰልፍ፣ ተራቸው ሲደርስ ጥበቃ፤ ልምምዱ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነበር። ሌሊቱን ለጭፈራ ሲነፉ አድረው ከንፈራቸው እንደተሰነጠቀ በማግሥቱ የጓዳቸውን አስከሬን በመሣሪያቸው የሸኙበትን ቀን ደጋግመው ያወሩልን ነበር። በስተርጅናቸው የቀድሞ የሠራዊት አባላት ወደሚመዘገቡበት አንድ ቢሮ እጃቸውን ይዤ ወሰድኋቸው። የአገልግሎት ወረቀታቸውን በላስቲክ ጠቅልለው፣ አንድ የወጣትነት ፎቶግራፍ ጨምረው ነበር። ጸሐፊው ወረቀቱን አገላብጦ «አባባ፣ እርስዎ እኮ ሙዚቀኛ ነበሩ» አላቸው። ከዚህ በላይ አልጨመረም፤ አልመዘገባቸውምም። አባቴ ወረቀታቸውን መልሰው ጠቀለሉ። ቤት እስክንደርስ የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ፎቶግራፉን ግን መልሶልኛል።»

እኔ የአባቴ ትዕግሥት የለኝም። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛ መፈንቅለ መንግሥት ሲከሽፍ ጥላሁን ገሠሠም ከታሰሩት አንዱ ነበር። ያኔ «ይህ ድምፃዊ ነው፣ ወታደር አይደለም» ብሎ በሩን የከፈተለት አልነበረም። ለቅጣት ጊዜ ከሠራዊቱ የሚቆጠር ሰው፣ ለክብር ጊዜ በምን ሒሳብ ነው አዝማሪ ብቻ የሚሆነው? ጥሩምባ የነፋለትን ወታደር ጀግና ብለን፣ ነፊውን «አጃቢ» የምንለው እስከ መቼ ነው?

ስለ ጡረታና ስለ ሕክምና ልናገር ያዘጋጀሁት ሁለት ገጽ አለ፤ ደቂቃዎቼን ግን በልቻቸዋለሁና ለኮሚቴው በጽሑፍ እሰጣለሁ። አዳራሹን በነፃ ለፈቀዱልን ምስጋናችን ይድረሳቸው።

በእጃችሁ ባለው የፕሮግራም ወረቀት ላይ፣ ከተኳሹም ከነፊውም ስም በፊት ማዕረጉ ተጽፏል። ማዕረጉ የተሳሳተበት አባት ካለ በእረፍት ሰዓት ወደ እኔ ይምጣ፤ እስክሪብቶ ይዣለሁ። አሁን ድምፃውያኑ ይግቡ።