ግድግዳው ሁለት፣ መሬቱ አንድ፦ ቺፕ ውስጥ ኖይዝ በየት ይሻገራል?

ሰላም ወገኖቼ፣ ከብርዳማዋ ደብረ ብርሃን እንደምን ዋላችሁ! ዛሬ ሳብስትሬት ኖይዝን ነው የምናየው፤ ቺፑ በተሠራበት የሲሊከን መደብ (ሳብስትሬት) በኩል የሚሻገር የኤሌክትሪክ ረብሻ ማለት ነው። መጀመሪያ ግን መንዝ፣ አያቴ ቤት ልውሰዳችሁ።

ከጎረቤት ለቆሎ ገብስ እየተፈተገ ነው። ዘነዘናው ሙቀጫው ላይ ዱም... ዱም... ዱም። አያቴ ወዲህ ቡናቸውን ቀድተው ተቀምጠዋል። መሃል ላይ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ አለ፤ ድምፁን አፍኖታል። ሲኒው ውስጥ ግን ቡናው ይርገበገባል። እዩት፣ በየምቱ ይርገበገባል! ግድግዳው ቤቱን ለሁለት ከፈለው እንጂ መሬቱ አንድ ነው። መሬቱ አንድ ነው፤ ይህቺን ያዙልኝ።

ቺፕ ላይ ወቃጩ ዲጂታሉ ክፍል ነው። ሲኒው ደግሞ አናሎጉ፤ ከአንቴና የመጣ ደካማ ሲግናል የሚያጎላ አምፕሊፋየር በሉት። የሚያገናኛቸው ሽቦ ባይኖርም የቆሙበት ሲሊከን አንድ ነው። ትራንዚስተርን ስለምታውቁት ቶሎ ልለፍ፦ ዲጂታሉ በተቀያየረ ቁጥር በፒኤን መጋጠሚያዎቹ ካፓሲታንስ በኩል ከረንት ወደ ሳብስትሬቱ ይገባል። የአናሎጉ ትራንዚስተር ቦዲ (የቆመበት ሲሊከን) ቮልቴጅ ይወዛወዛል፣ ትሬሾልዱም (ትራንዚስተሩ የሚከፈትበት ቮልቴጅ) አብሮ።

አሁን ብዙዎቻችሁ ወደምትጠይቁኝ። «ሳብስትሬቱ ግራውንድ ላይ ታስሮ የለም? ዜሮ ቮልት ከሆነ ምን ኖይዝ አለው?» ይህን ሳልመልስ አላልፍም። ዜሮ የምትሉት ቦርዱ ላይ ያለውን ግራውንድ ነው። ቺፑን ከፒኑ የምታገናኘው ቀጭን ሽቦ በሚሊ ሜትር 1 ናኖሄንሪ ገደማ ኢንዳክታንስ አላት። ርዝመቷ 2 ሚሊ ሜትር ይሁን። ከረንቱ በ1 ናኖሰከንድ በ100 ሚሊአምፔር ሲለወጥ 200 ሚሊቮልት ይዘላል። ቺፑ ውስጥ፣ ያው ግራውንድ የምንለው ላይ! የዲጂታሉ ግራውንድ ሳብስትሬቱ ላይ ስለታሰረ ዝላዩን በቀጥታ ያስገባዋል። ብዙ ጊዜ ዋናው በር ራሱ ማሰሪያው ነው።

«ጋርድ ሪንግ ካጠርንበትስ?» አናሎጉን ዙሪያውን የሚከብ፣ ኖይዙን ወደ ግራውንድ የሚስብ ቀለበት ማለታችሁ ነው። ጥሩ ነው፣ እንደ መሬቱ ግን። መንዝ ላይ ስስ አፈር ከአለት በላይ የተኛበት ቦታ ሞልቷል፤ ቤታችሁን በቦይ ብትከብቡት ምቱ በአለቱ ዞሮ ይመጣል። አንዳንድ ቺፕም ከስሱ የላይ ሽፋን ስር ከረንት በቀላሉ የሚያሳልፍ ወፍራም ሲሊከን አለው። ኖይዙ ቁልቁል ወርዶ፣ ከስር ተሻግሮ ይወጣል፤ አጥሩም ርቀቱም ያን ያህል አያግደውም። ሬዚስታንሱ ከፍ ባለ ሳብስትሬት ላይ ግን ሁለቱም በደንብ ይሠራሉ።

ሌላውን የመከላከያ ዘዴ፣ ዲፕ ኤን ዌልን፣ በሚቀጥለው ቪዲዮ አመጣላችኋለሁ፣ ሰብስክራይብ አድርጋችሁ ጠብቁኝ። እስከዚያ ዲዛይን የምትሠሩ ልጆች፣ ለጋርድ ሪንጉ የራሱን ፒን ስጡት፣ አደራ። ከዲጂታሉ ግራውንድ ጋር ካሰራችሁት ሙቀጫውን አንስታችሁ አያቴ ሲኒ አጠገብ አስቀመጣችሁት ማለት ነው።