ዓርብ ዓርብ ቤት የምትገባው ወረቀት

(በሐዋሳ፣ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤታችን የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ዓመታዊ ጉባኤ ላይ በሰብሳቢዋ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር)

የተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣ ውድ መምህራን፣ ልጆቻችን፣ እንደምን አደራችሁ!

ቅዳሜ ጠዋት ገበያውንም ልብስ አጠባውንም ትታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ሌሊቱን ሐይቁ ላይ መረብ ሲጠብቁ አድረው በቀጥታ እዚህ የመጡ አባት ከኋላ ተቀምጠው አያለሁ። የኢንዱስትሪ ፓርክ ፈረቃቸውን ከጓደኛ ጋር ተቀያይረው የመጡ እናቶችም አሉ። እግዚአብሔር ይስጥልን።

የሒሳብ ሪፖርቱን ገንዘብ ያዣችን ያቀርባል። የውሃ ታንከሩና የመጸዳጃ ቤቱ ጥገናም በአጀንዳው ላይ አለ። እኔ የማወራው ስለ አንድ ነገር ነው፤ ስለ ወረቀት።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የመጀመሪያ ልጄ ሌላ ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል ይማር ነበር። አንድ ቅዳሜ ቦርሳውን ላጥብ ብዬ ገለበጥኩት። የእርሳስ ቅራፊ ወጣ፤ የተነከሰ ላጲስ ወጣ። ከሥር ደግሞ አራት ቦታ የታጠፈች ወረቀት አገኘሁ። የምሳ ዕቃው ወጥ ፈሶባት ዳር ዳሯ ቀልቷል። ስዘረጋት የወላጆች ቀን ጥሪ ናት። ልጄ ግጥም እንደሚያቀርብም ተጽፏል። ቀኑ ካለፈ ዘጠኝ ቀን ሆኖታል።

"ለምን አልሰጠኸኝም?" አልኩት።

እጁን ከኋላው ደብቆ ትንሽ ቆየ። "ወላጅ አምጣ መስሎኝ ነው" አለኝ።

ልጄ ያኔ ገና ፊደል እየለየ ነበር፤ ወረቀቷን ማንበብ አልቻለም። ግን ከትምህርት ቤት ወደ ቤት የሚላክ ወረቀት ሁሉ የጥፋት ወረቀት እንደሆነ ከታላላቆቹ ሰምቷል። ስለዚህ ደበቃት። በቀኑም የሌሎቹ እናቶች ሲያጨበጭቡ እሱ ግጥሙን እኔን በዓይኑ እየፈለገ አነበበ። ይህን የነገረችኝ የክፍል ጓደኛው እናት ናት። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

"ወላጅ አምጣ" የሚለውን ቃል እዚህ አዳራሽ ውስጥ የማያውቀው የለም። እኛም ልጅ ሆነን ሰምተነዋል፤ ሆዳችን ተረብሿል። ትምህርት ቤት ወደ ቤት ድምፁን የሚያሰማው ልጅ ሲያጠፋ ወይም ገንዘብ ሲፈለግ ብቻ ከሆነ፣ ልጁ ወረቀቱን ቢደብቅ፣ ወላጁም የትምህርት ቤት ስልክ ሲያይ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ኅብረታችን ባለፈው ዓመት ሳምንታዊ ወረቀት እናውጣ ብሎ የተነሣው ለዚህ ነው። ጥፋት ባይኖርም፣ መዋጮ ባይኖርም፣ ዓርብ ዓርብ አንዲት ወረቀት ቤት ትግባ አልን።

ወጪው ያን ያህል አይደለም። አንድ ደስታ ወረቀት 500 ሉህ ነው። ሉሁን ለሁለት ስንቆርጠው 1000 ቤት ይደርሳል። ፊቱ በአማርኛ፣ ጀርባው በሲዳምኛ ይጻፋል። ዜናውን የሚሰበስቡት የሚኒ ሚዲያ ክበብ ልጆች ናቸው፤ አንዲት መምህርት ታርማለች። እኚህ መምህርት ሐሙስ ማታ ቤታቸው ይዘውት እየሄዱ እንደሚሠሩ አውቃለሁና በእናንተ ፊት ላመሰግናቸው እፈልጋለሁ።

"ቴሌግራም እያለ ወረቀት ለምን?" ብላችሁ የጠየቃችሁኝ አላችሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። የቴሌግራም ቻናሉም ይቀጥላል። ነገር ግን እዚህ ካለነው ብዙዎቻችን የያዝነው ባለ ቁልፍ ስልክ ነው። በአንዳንዱ ቤት ደግሞ ስማርት ስልኩ ያለው አንድ ነው፤ እሱም ከአባት ጋር ሲዞር ይውላል። ጥቅል ያለቀበትም አለ። በሩ ላይ ያለው ሰሌዳም ቢሆን ብቻውን አይበቃም። ባለፈው ክረምት መግቢያ ዝናብ ጠመኔውን አጥቦት "ሐሙስ የወላጆች ስብ" የሚል ብቻ ቀርቶ ነበር። የትኛው ሐሙስ እንደሆነ ግራ ገብቷቸው ዘበኛውን ሲጠይቁ የነበሩ እናቶች አሁንም ፊቴ ላይ አሉ።

ጠዋት ሰልፍ ላይ የሚነገረውን ማስታወቂያ ልጆች ይሰማሉ። ግን የአንደኛ ክፍል ልጅ ቤት እስኪደርስ "ሰኞ የስፖርት ልብስ" የተባለው "ሰኞ ትምህርት የለም" ይሆናል።

ወረቀቷ ስትጀምር ጉድለት ነበረባት፤ ይህን ሳልደብቅ እናገራለሁ። "የጽዳት ዘመቻ በቅርቡ ይካሄዳል" የሚል ዜና ደጋግመን አውጥተናል። "በቅርቡ" የሚል ዜና ለሠራተኛ ወላጅ ምንም አይጠቅመውም። ፈረቃ ያለባት እናት ፈቃድ ለመጠየቅ ቀኑን ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት ማወቅ አለባት። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የሚመጣው ማን እንደሆነ፣ ልጁ ምን እንደሚይዝ፣ ብር ካለው ስንት እንደሆነ ይጻፍ። ብር የሚጠይቅ ነገር ደግሞ ደመወዝ ሳይወጣ ወር መጨረሻ ላይ አይላክ። አሁን መምህራኑ ይህን ይዘውታል፤ ለውጡን እያያችሁት ነው።

ቀኑ ቀድሞ የማይታወቅ በዓልም አለን። የሲዳማን ዘመን መለወጫ ፊቼ ጨምበላላን አያንቶዎች፣ ማለትም ሰማይ አይተው ቀን የሚቆጥሩ ሽማግሌዎች፣ የጨረቃንና የከዋክብትን ጉዞ አይተው ነው የሚወስኑት። ዩኔስኮ በ2008 ዓ.ም. በማይዳሰስ ቅርስነት የመዘገበው በዓል ነው፤ ልጆቻችን ደግሞ ቤት ለቤት እየዞሩ ጎረቤት የሚጠይቁበት፣ ከቆጮና ከቅቤ የሚሠራውን ቡሪሳሜ የሚበሉበት በዓላቸው ነው። ስለዚህ በዚያ ሰሞን የሚወጣው ወረቀት ላይ ለፊቼ ባዶ መስመር እንተዋለን። ቀኑ ሲነገር ልጁ ራሱ በእርሳስ ይሞላዋል። ይህን ያመጣው የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ በጣም ወድጄዋለሁ።

ታኅሣሥ 19 እየመጣ ነው። በገብርኤል ቀን ከተማችን ምን እንደምትመስል ታውቁታላችሁ። እንግዳው ከየአገሩ ይገባል፤ በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ባጃጅ ማለፊያ ያጣል። በዚያ በኩል የሚመጡ ልጆች ማርፈዳቸው አይቀርም። መምህራን በዚያ ቀን ፈተና እንዳታደርጉ ከወዲሁ እለምናለሁ። የመንፈቀ ዓመቱ ፈተና ጥር ላይ ነው፤ ፕሮግራሙ ከገና በፊት ባለው ወረቀት ላይ እንዲወጣ ተስማምተናል። የስድስተኛ ክፍል ወላጆች ደግሞ ክልላዊ ፈተናውን አስቡ። ሰኔ ሩቅ ይመስላል እንጂ ሩቅ አይደለም።

ወላጆች፣ አሁን የእናንተን እርዳታ የምፈልግበት ቦታ ላይ ደርሻለሁ። ዓርብ ማታ ወረቀቷን ከልጁ እጅ ነጥቃችሁ አታንብቡ። ልጁ ያንብብላችሁ። ቢንተባተብም ጠብቁት። አንድ ቤት ያየሁትን ልንገራችሁ። ለቡና ተጠርቼ ገብቼ ነው። አያት ከረከቦቱ አጠገብ ተቀምጠዋል። ፊደል አልቆጠሩም። የሦስተኛ ክፍል የልጅ ልጃቸው ወረቀቷን በሁለት እጇ ይዛ በጣቷ እየተከተለች ታነባለች። "የአራተኛ ክፍል ተማሪዎች የተከሉት ጎመን ደረሰ" የሚለው ጋ ስትደርስ አስቆሟት። "ድገሚው" አሏት። ደገመችው። "ውሃ ማን እያጠጣው?" አሉ። ልጅቷ አላወቀችም። ሰኞ ጠይቃ መጣች። ከዚያ ወዲህ ዓርብ ቡናው የሚፈላው እሷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ነው አሉኝ።

መምህራን፣ ከእናንተ የምንለምነው በየሳምንቱ ከየክፍላችሁ አንድ መልካም ነገር እንድትልኩልን ነው። ሽልማት መሆን የለበትም። ሳምንቱን ሙሉ ያላረፈደ ልጅ፣ ለታመመ ጓደኛው ደብተር የገለበጠ ልጅ ይበቃናል። ደረጃ ከሚወጡት ውጭ ያሉት ልጆችም ስማቸው ቤት ይግባ። ስሙ የወጣበትን ወረቀት በቦርሳው ሥር የሚደብቅ ልጅ እስካሁን አላየሁም።

ለሚቀጥለው ዓመት ለወረቀትና ለቀለም የምንጠይቀው ብር በሒሳብ ሪፖርቱ ውስጥ አለ። ሐሳብ ያለው እጁን ያውጣ፤ ሰዓት አንቆጥብም። ማተሚያ ቤት ያላችሁ ወይም ፎቶ ኮፒ የምትሠሩ ወላጆችም በሻይ ሰዓት ብታነጋግሩኝ ደስ ይለኛል።

ጉባኤውን በይፋ ከመክፈቴ በፊት ግን የትናንቱ ወረቀት ይነበባል። አንዲት የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ፊትና ጀርባውን ታነብልናለች። ሲዳምኛውን ቤቷ ከአባቷ ጋር ስትለማመድ ነው የከረመችው። ነይ ልጄ፣ ወዲህ ውጪ። እባካችሁ ማይኩን ዝቅ አድርጉላት።